የዋና ከተማው እንግዳ ማነው?

የአንድ ከተማ ታላቅነት በሕንፃዎቹ ቁመትና በመንገዶቹ ስፋት ብቻ የሚለካ አይደለም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በከተማው ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሰንብቶ ወደ ቀዬው በሚመለስበት ጊዜ ምን አይቶ፣ ምን ቀምሶ፣ እንዴትስ ተስተናግዶ ሄደ የሚለው ጥያቄም የታላቅነቱ አንዱ መለኪያ ነው። ርእሰ ከተማችን አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አካባቢ ተቆርቁራ ከእቴጌ ጣይቱ ስሟን ካገኘች ወዲህ እንግዳ ያልተቀበለችበት ዘመን የለም። ይሁንና ከተማይቱ እንግዳዬ የምትለው ማንን እንደሆነ ዛሬ በግልጽ መጠየቅ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

«ጎብኚ» ወይም «ቱሪስት» የሚለው ቃል ሲነሳ በአብዛኞቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ የውጭ አገር ሰው ነው። ይህ አስተሳሰብ ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለም። በ1950ዎቹ የቱሪዝም ሥራ በመንግሥት ደረጃ ሲደራጅ፣ ሥራውን የመሠረቱት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁት «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መፈክር ነበር። ይህም መፈክር ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገልግሎ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው ተተክቷል። ሁለቱም መልካም መፈክሮች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ውጭ ነው። የውጭ ምንዛሪ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም የማይካድ በመሆኑ ይህን ማድረጉ ስሕተት ነበር አንልም። የምንለው፣ ፊት ሁሉ ወደ ውጭ በዞረ ጊዜ በደጃፍ የቆመ ሌላ እንግዳ ተዘንግቷል ነው።

ይህ የተዘነጋ እንግዳ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ወገን ነው። በመርካቶው አውቶቡስ ተራ፣ በላምበረት፣ በቃሊቲና በአየር ጤና መናኸሪያዎች የሚወርደውን ሕዝብ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሞ የተመለከተ ሰው የከተማይቱ ዋነኛ እንግዳ ማን እንደሆነ ለመረዳት የሊቅ ምስክርነት አያሻውም። አንዱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀጠሮ የተሰጠውን አባቱን ደግፎ ይመጣል። ሌላው የይግባኝ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ የፍርድ ቤቱን አቅጣጫ ይጠይቃል። እናት ልጇ ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ለማየት አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ትመጣለች። ነጋዴው ከመርካቶ ዕቃ ሊጭን፣ ዘመድ ለሠርግና ለለቅሶ፣ ምእመኑም በዓል ለማክበር ይጓዛል። ሁሉም ገንዘቡን የሚያወጣው በከተማይቱ ውስጥ ነው፤ በአልጋ ቤቷ ያድራል፣ በምግብ ቤቷ ይበላል፣ በታክሲዋ ይሳፈራል። ይሁንና ጎብኚ ብሎ የሚጠራው የለም።

ከእነዚህ ወገኖች አብዛኞቹ በከተማይቱ ቆይታቸው ባዶ የሆነ ጊዜ ይተርፋቸዋል። የሰኞው ቀጠሮ ወደ ረቡዕ በተላለፈ ጊዜ ማክሰኞ ሥራ የለም። ምርቃቱ እሑድ ሆኖ አውቶቡሱ የሚነሳው ማክሰኞ ንጋት ላይ ከሆነ ሰኞ የእንግዳው ቀን ነው። ይህ ቀን በአልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ወይም ቦርሳን አቅፎ በአንድ ሻይ ቤት ጥግ ሰዓት በመቁጠር ያልፋል። እንግዳውም አገሩ ሲገባ «አዲስ አበባን እንዴት አገኘኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚነግረው የሰውን ብዛት፣ የመኪናውን ጩኸትና የኑሮውን ውድነት ብቻ ይሆናል። ቅርሱ፣ ቴአትሩና ገበታው በቅርብ ርቀት ላይ እያለ ሳያየው ተመልሷል። ጉዳቱም የእንግዳው ብቻ ሳይሆን የከተማይቱም የአገሪቱም ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር በዋና ከተማው ለእይታ የቀረበው ሁሉ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም የዓለምን ዓይን የሳበችው ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው በአፋር ምድር በሐዳር ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑና የአጽሟ 40 በመቶ ያህል መገኘቱ በሰው ልጅ አመጣጥ ጥናት ውስጥ ታላቅ ስፍራ አሰጥቷታል። ሰላም የተባለችው የሕፃን አጽምም የተገኘችው በዚያው በአፋር በዲኪካ ነው። ከክርስትና በፊት የተቀረጹት የሐውልቲ የድንጋይ ሥራዎች የመጡት ከትግራይ ነው። የየቤተ መንግሥቱ ዘውድና ካባ፣ የየገጠሩ ሞሰብና ዋንጫ፣ የየብሔረሰቡ የዜማ መሣሪያ የተሰበሰበው ከዳር እስከ ዳር ካለው ሕዝብ ነው። እንግዲህ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው በዚህ ሙዚየም ደጃፍ ሲቆም የሰው ንብረት ሊያይ አልመጣም። የራሱን ንብረት ሊያይ መጥቷል።

ድንቅነሽ በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ አሜሪካ ተጉዛ ለሂዩስተን ከተማ ሕዝብ መታየቷ ይታወሳል። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያም ከሰላም ጋር ወደ ፕራግ ተጉዛለች። አጽሞቹ የአገርን ስም ይዘው ባሕር መሻገራቸው ክብር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አጽሟ በተገኘበት በአዋሽ ሸለቆ ከብቱን የሚጠብቀው የአፋር ልጅ፣ ለሕክምናም ሆነ ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፣ የሙዚየሙን በር አሳይቶ «ይህች ከአገርህ የወጣች ናት» የሚለው ሰው ካላገኘ፣ መጎብኘት የሚባለው ነገር ትርጉሙ ጎዶሎ ነው። የሂዩስተን ሰው ያየውን የሐዳር ሰው እንዲያይ ማድረግ የሚጠይቀው ብዙ ወጪ አይደለም፤ ትንሽ አሳቢነት ነው።

ለእንግዳ የሚሆን ቀና መንገድ የሌለ እንዳይመስል፣ ባለ አንድ ቀን እንግዳ በእግሩና በታክሲ ሊያየው የሚችለውን በአጭሩ እንጠቁማለን። ከስድስት ኪሎ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተጨፈጨፈውን ሕዝብ የሚያስታውሰውን ሐውልት ነው። በዚያው አቅራቢያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አለ። ይህ ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረና በ1954 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠ ሲሆን፣ በውስጡ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የአገሪቱን ሕዝቦች አኗኗር ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍልም ለእይታ ተጠብቆ ይገኛል። አንድ ገበሬ የራሱን ሞፈርና ቀንበር፣ የራሱን የሠርግና የለቅሶ ሥርዓት በቤተ መንግሥት አዳራሽ በክብር ተቀምጦ ሲያይ የሚሰማውን ስሜት የትኛውም መጽሐፍ ሊሰጠው አይችልም።

ከዚያ ቁልቁል ሲወርድ ብሔራዊ ሙዚየሙን አልፎ አራት ኪሎ ይደርሳል። በአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አገር ነፃ የወጣችበትን ዕለት ያስታውሳል። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይገኛል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1993 ዓ.ም. ያረፉት በዚሁ ካቴድራል ሲሆን፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ የተሟገቱት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስትም በግቢው ተቀብረዋል። የባዕድ አገር ሰው በአርበኞች መካከል ማረፉ ለወጣቱ ጎብኚ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ወደ አራዳ የሚያቀና እንግዳ ደግሞ የዓድዋን ድል ከሦስት ወገን ያገኘዋል። አንደኛው ከድሉ በኋላ ለመታሰቢያ የታነጸው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ስፍራ ነው። ሁለተኛው በዚያው በ1923 ዓ.ም. የተመረቀውና ጠላት አንሥቶት ከነፃነት በኋላ ወደ ስፍራው የተመለሰው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ነው። ሦስተኛው በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት የተሰበሰበው ከየክፍለ ሀገሩ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ የዘመተበት ሰው ይህን ሙዚየም ሳያይ ከአራዳ እንዳይመለስ አደራ እንላለን። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ከዚያው ቅርብ ነው።

ከማዘጋጃ ቤቱ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወስደው መንገድ ደግሞ የከተማይቱን የመቶ ዓመት ታሪክ በአንድ መስመር የሚያሳይ ነው። በ1977 ዓ.ም. የቆመው የትግላችን ሐውልት፣ ብሔራዊ ቴአትርና በፊቱ የተቀመጠው የድንጋይ አንበሳ፣ ከታችም የምድር ባቡሩ አሮጌ ጣቢያ በየተራ ይገኛሉ። መስቀል አደባባይ ሲደረስ የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ፤ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች የተዉልን ማስጠንቀቂያ ነው። እንግዳው ልቡ እየከበደውም ቢሆን ሊያየው ይገባል። ትንሽ አልፎ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት ቤት ነው። የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስተዋት ሥዕል የሚገኘው እዚህ ሲሆን፣ ሕንፃው ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩትን መናፈሻዎች መዘንጋት ፍትሐዊ አይሆንም። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተከፈተው የአንድነት ፓርክ፣ ለዘመናት በአጥር ተከልሎ የነበረውን የዐፄ ምኒልክን ግብር ቤትና ዙፋን ችሎት ለሕዝብ ዓይን አብቅቷል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከሚደርሰው ተራራ ላይ ሆኖ ከተማይቱን ከላይ ለማየት ያስችላል። ከዚያው የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የምኒልክ የቀድሞ መኖሪያ ቅርብ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ለመናፈሻ መግቢያ የሚጠየቀው ክፍያ አምስት ቤተሰብ ይዞ ለመጣ ገበሬ ወይም መምህር ምን ማለት እንደሆነ ሊታሰብበት ይገባል። የቤተ መንግሥት በር ተከፍቶ ዋጋው በር ሆኖ ከቆመ፣ በሩ በሙሉ ተከፍቷል ሊባል አይቻልም።

እይታውን በዚህ ትተን ወደ ገበታው እንመለስ። የከተማይቱ ምግብ ከሙዚየሟ ያልተናነሰ የአገሪቱ ካርታ ነው። ክትፎው ከነቆጮውና ከነአይቡ ከጉራጌ መጥቷል። ጥሕሎው ከትግራይ፣ ጭኮውና ጨጨብሳው ከኦሮሞ፣ ዳጣው ከወላይታ፣ ሆጃው ከሐረር፣ በግመል ወተት የሚታጀበው ሩዝ ከሱማሌ ወገናችን ቤት ተነሥቶ ነው በከተማይቱ መሶብ ላይ የተገናኘው። ዓሣው ከዝዋይና ከአርባ ምንጭ፣ ነጩ ጤፍ ከአዳና ከጎጃም ይመጣል። ቡናውም የካፋንና የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የወለጋን ስም ይዞ ይቀርባል። ስለዚህ ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ የራሱን አገር ምግብ ብቻ ፈልጎ እንዳይመለስ እንመክራለን። የራሱን በቤቱ ያገኘዋል፤ በአዲስ አበባ የሚያገኘው የጎረቤቱን ነው።

የምግብ ቤቱ ሥርዓት ራሱ የአብሮ መኖር ትምህርት ቤት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም፣ በየዓይነቱ በየምግብ ቤቱ በብዛት ይቀርባል፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮውና ስልጆው በአንድ ትሪ ላይ ይደረደራል። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ቤት በየምልክቱ ተለይቶ ጎን ለጎን ይሠራል፤ እንግዳውም እንደ ሃይማኖቱ ይመርጣል። ማለዳ በየፉል ቤቱ ትኩስ ዳቦ ከፉል ጋር ይቀርባል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በየጭማቂ ቤቱ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በብርጭቆ ውስጥ ተደራርቦ ስፕሪስ በሚል ስም ይሸጣል። ከጣሊያኖች የተወረሰው ማኪያቶ በየኬክ ቤቱ፣ ከአያቶች የተወረሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደግሞ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት በየጀበና ቡናው ይገኛል። ሁለቱን የቡና ባህሎች በአንድ ጎዳና ጎን ለጎን ማግኘት የሚቻልበት ከተማ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

ችግሩ ያለው በገበታው ላይ ሳይሆን በሒሳቡ ላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ 57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚህም ምክንያት ዶላር የያዘው እንግዳ የከተማይቱ ገበታ ረክሶለታል፤ ብር የያዘው እንግዳ ግን ተወዶበታል። ይህ የምንዛሪው ጠባይ በመሆኑ አንድ ምግብ ቤት ብቻውን ሊያስተካክለው አይችልም። ሊያስተካክለው የሚችለው ሌላ ነገር አለ። የዋጋ ዝርዝር በግልጽ ያልተለጠፈበት ቤት እንግዳውን በአነጋገሩ፣ በአለባበሱና በሻንጣው መዝኖ ሒሳብ ይቆርጥበታል። የከተማው ሰው ዋጋውን ስለሚያውቅ አይታለልም። የውጭ አገር ሰውም አስጎብኚው አብሮት ስላለ በመጠኑ ይጠበቃል። የሚጎዳው ጠያቂ የሌለው፣ መከራከርንም እንደ ነውር የሚቆጥረው የክፍለ ሀገር ሰው ነው። ይሉኝታው ለሌባ መሣሪያ ሲሆን ማየት የሚያሳዝን ነው።

ይኸው ችግር በአልጋ ቤቱና በመጓጓዣውም ይታያል። እንግዳው ከአውቶቡስ እንደወረደ ሻንጣውን ከእጁ የሚነጥቀው ደላላ፣ ንጽሕናውን ሳያይ ወደሚከፈልበት ክፍል ይነዳዋል። መናኸሪያ የከተማይቱ የመጀመሪያ ፊት ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ለሚወርደው እንግዳ የመረጃ ጠረጴዛና አበባ የያዘች አስተናጋጅ ከተዘጋጀ፣ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ ለሚወርደው ወገን አንድ ሰሌዳ ላይ የተሳለ የከተማ ካርታና አንድ ቅን መልስ ሰጪ ማስቀመጥ ለምን እንደሚከብድ አይገባንም።

ስለ ምሽቱ መዝናኛም ጥቂት እንበል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው ሕዝቡ በጠላት ዋዜማ ስለ አገሩ እንዲነቃ ነበር፤ በኋላም ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ ድምፃውያን የተገኙበት ቤት ሆኗል። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ትውልድ በየተራው በመድረኩ ፊት ተቀምጧል። ቴአትር በክፍለ ሀገር ለሚኖር ሰው እንደ ልብ የሚገኝ ባለመሆኑ፣ የቴአትር ቤቶቹ የየሳምንቱ መርሐ ግብር በመናኸሪያና በሆስፒታል ደጃፍ ቢለጠፍ አዳራሹም ተመልካች ያገኛል፤ አስታማሚውም ለሁለት ሰዓት ያህል ሐሳቡን ይረሳል።

ሙዚቃውም የራሱ ታሪክ አለው። ሙላቱ አስታጥቄ ጃዝን ከአራቱ ቅኝቶች ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም አቅርቧል። አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ ባንድ በግዮን ሆቴል ሲጫወቱ የነበረበትን ዘመን አዛውንቶች አይረሱትም። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት የሰዓት እላፊ ዓመታት እንኳ ሙዚቃው አልጠፋም፤ ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይዘጋና ባንዱም ታዳሚውም እስኪነጋ አብረው ያድሩ ነበር። በየአዝማሪ ቤቱ ደግሞ ከወሎና ከጎንደር የመጣው ባለ ማሲንቆ እንግዳውን በስሙ እየጠራ፣ አገሩን እያነሣ፣ ቅኔ እየዘረፈ ያጫውታል። ማሲንቆ የያዘ ሰው ከተማ ውስጥ አገሩን ሲያነሣለት ብቻውን የነበረው እንግዳ ወዲያውኑ ቤተኛ ይሆናል። ይህን ዓይነት አቀባበል ገንዘብ አይገዛውም።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መዝናኛ የሚኖረው በትንንሽ ቤቶች መሆኑን ማስታወስ ግዴታችን ነው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሷል። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና በአገሪቱ የመጀመሪያው የሆነው ጣይቱ ሆቴልም በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ከጉዳቱ ጋር የጃዝ መድረኩን አጥቷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ እግረኛውም መሄጃ አግኝቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ስፋቱን ለማየት የመጣ እንግዳ ምሽት ላይ የሚገባበት የአዝማሪ ቤት፣ የሚቀመጥበት ርካሽ ቡና ቤት፣ አሮጌውን የአራዳ ሰገነት እያሳየ ታሪክ የሚያወራው የሠፈር ሽማግሌ ካጣ፣ መንገዱ ማለፊያ እንጂ መድረሻ አይሆንም። አዲሱ ሲሠራ ለእነዚህ ትንንሽ ቤቶች በሚችሉት ኪራይ ስፍራ ሊመደብላቸው ይገባል። የፈረሰ ግንብ በሲሚንቶ ይተካል፤ የተበተነ ጨዋታ ግን በሲሚንቶ አይሰበሰብም።

ከላይ በዘረዘርነው መሠረት መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም እንላለን። አንደኛ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው በሳምንት ቢያንስ በአንድ ቀን በመንግሥት ሥር የሚተዳደሩትን ሙዚየሞችና መናፈሻዎች በነፃ ወይም በጥቂት ሳንቲም የሚያይበት ደንብ ይውጣ። ሁለተኛ፣ በየመናኸሪያው፣ በየታላላቅ ሆስፒታሉና በየፍርድ ቤቱ አካባቢ የከተማይቱን ቅርሶች፣ የመክፈቻ ሰዓታቸውን፣ የመግቢያ ዋጋቸውንና የሚወስደውን የታክሲ ወይም የአውቶቡስ መስመር የሚገልጽ ሰሌዳ ይቁም፤ ጽሑፉም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎችም ይሁን። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ምግብ ቤትና አልጋ ቤት ዋጋውን በደጃፉ እንዲለጥፍ፣ ያልለጠፈም እንዲጠየቅ ይደረግ። አራተኛ፣ የሙዚየም አስጎብኚዎች ለውጭ አገር ሰው በእንግሊዝኛ የሚሰጡትን ማብራሪያ ለአገር ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ በዚያው ትዕግሥትና በዚያው አክብሮት ይስጡ። ነጭ ጎብኚ ሲገባ ተነሥቶ፣ ነጠላ የለበሰች እናት ስትገባ ተቀምጦ የሚቀር አስጎብኚ የቆመለትን ዓላማ አላወቀም።

በእኛ በክፍለ ሀገር ባለነው በኩልም ኃላፊነት አለ። ለጉዳይ የሚሄድ ሰው አንድ ቀን ለዓይኑና ለልቡ ጨምሮ ይነሣ። ጊዜውን መምረጥ የሚችል ደግሞ መስከረም 16 ደመራው በመስቀል አደባባይ ሲለኮስ፣ ወይም ጥር 11 ጥምቀት በጃን ሜዳ ሲከበር ቢደርስ፣ ዓለም በቅርስነት የመዘገባቸውን በዓላት በቅርብ ያያል። ትምህርት ቤቶች ልጆችን በየዓመቱ ለጉብኝት የሚልኩበትን ልማድ ያጠናክሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከዋና ከተማው የምንጠብቀውን አቀባበል በየራሳችን ከተማ ለሚመጣው እንግዳ እየሰጠን እንደሆነ እንመርምር። የዋጋ ዝርዝር የሌለው ምግብ ቤት፣ በሩ የተቆለፈ ሙዚየምና አቅጣጫ የማይነግር ባለሥልጣን በዋና ከተማው ብቻ የሚገኙ አይደሉም።

በአገራችን ልማድ አዲስ ቤት የሠራን ሰው ለመጠየቅ የሚገባ እንግዳ «ቤት ለእምቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመርቀዋል። ምርቃቱ የሚነግረን አንድ ቁም ነገር አለ። አዲስ ቤት የሚባረከው እንግዳ ሲገባበት ነው፤ በረከቱም ለገቢውም ለተቀባዩም ነው። አዲስ አበባ ዛሬ ብዙ አዲስ ቤት ሠርታለች። ከአፋርና ከጋምቤላ፣ ከወሎና ከባሌ፣ ከጎጃምና ከጋሞ የሚመጣው ወገን በደጃፏ ቆሞ «ቤት ለእምቦሳ» እያላት ነው። የከተማይቱ መልስ በየሙዚየሙ በር፣ በየምግብ ቤቱ ሒሳብና በየመናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሊነበብ ይገባል።